ለሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ፣ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ልጆች ወላጆች፦ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ «የሲፒ ልጆችን እጅ በ10 ቀን እንፈውሳለን» እያለ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቅ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። እህቴ ልጇን አዝላ ከመሐል ሜዳ ድረስ መጥታ 18 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈለች። ልጅቷ 4 ዓመቷ ነው። ግራ እጇ ደህና ነው፤ ቀኙ ግን አይታዘዝላትም።

ምን አደረጉላት መሰላችሁ? ደህናውን እጅ በፋሻ ጠቀለሉት። ከዚያ አስተኝተው ቀኙን በቅባት አሹት፤ የሚንቀጠቀጥ ማሽንም አስደገፉበት። 20 ደቂቃ እንኳ የሞላ አይመስለኝም። «ቤት ስትገቡ ፋሻውን እንዳትፈቱት» ብለው ሸኟቸው። ልጅቷ ሚዛኗን ስታ ደረጃ ላይ ወደቀች፤ ግንባሯ አበጠ።

ሰው የሚሸወደው ነገሩ ከእውነተኛ ሕክምና ስለተቀዳ ነው። ደህናውን እጅ ለጊዜው ገድቦ የደከመውን ማሠራት በጥናት የተፈተነ ዘዴ ነው። የሚጠቅመውም በተለይ አንድ ጎናቸው ብቻ ለተጎዳ ልጆች ነው። ግን መድኃኒቱ ፋሻው አይደለም። ልጁ በደከመው እጁ ራሱ መሥራቱ ነው፦ ኳስ መወርወር፣ የመጫወቻ ኩቦች መደርደር፣ ቁራሽ ዳቦ አንስቶ መጉረስ፣ ሲወድቅበት እንደገና ማንሳት። መጀመሪያ የወጣው አሠራር በቀን እስከ 6 ሰዓት የሚፈጅ ልምምድ፣ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ነበር። ቀለል ያለው በቀን 2 ሰዓት ገደማ ሆኖ ለሳምንታት ይዘልቃል። አንጎል የሚማረው ልጁ ሲሞክር ነው። ሌላ ሰው እጁን ካንቀሳቀሰለት ልምምዱ የዚያ ሰው ነው። ማሸት ክፉ ነው አልልም፤ ልጁን ዘና ያደርገው ይሆናል። እጅ ግን አያሠለጥንም።

የሚገድቡትም ቢሆን ለስላሳ ጓንት ይበቃል። እሱም በልምምዱ ሰዓት፣ አዋቂ አጠገቡ እያለ።

ሳይታሰርም ይሆናል። ልጁ ሁለቱንም እጁን አንድ ላይ እንዲያሠራ በሚገባ ማለማመድ፣ ሰዓቱ እኩል ከሆነ ውጤቱም ተቀራራቢ ነው። ጭብጦ ማድቦልቦል፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ የሹራብ ቁልፍ መቆለፍ። ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ግቡን አብሯችሁ አውጥቶ ካሳያችሁ፣ ብዙውን ቤት ውስጥ እናንተው ትሠሩታላችሁ። እዚያ ቤት ግን ለእህቴ አንድም የቤት ሥራ አልሰጧትም። ለምን ይሰጧታል? ነገ ተመልሳ እንድትከፍል ነው የሚፈልጉት።

«እንፈውሳለን» የሚለውማ ከሁሉም የባሰ ነው። ሲፒ አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ የሚደርስ ጉዳት ነው። ልጁ እጁን የሚጠቀምበት መንገድ ይሻሻላል፤ ጉዳቱ ራሱ ግን በ10 ቀንም በ10 ዓመትም አይጠፋም።

አብሬያት ሄጄ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ሰውዬውን ጠየቅኩት። «ማሽኑ እኮ የውጭ ነው» አለኝ! ደረሰኙ ማኅተምም የግብር ከፋይ ቁጥርም የለውም። ከታች ግን «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል በደማቁ ተጽፎበታል።

እንዲህ ያለ ቤት ከገባችሁ ማን እንደሚያክም፣ ልጁ በሰዓቱ ውስጥ ራሱ ምን እንደሚሠራ፣ ቤት ምን እንደምትሠሩ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ አገልግሎቱ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። መልሱ ካልጣማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙንና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያውን ሊያጠፉት ይችላሉ። ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ለከተማው ጤና መምሪያ የምናስገባውን አቤቱታ እያዘጋጀን ነው፤ ስማችሁን እንጨምራለን።