ለክረምት «ጸረ ዝገት» ከማስረጨታችሁ በፊት

ክረምት ሊገባ ሲል በብዙ ላቫጆ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ይሰቀላል፦ «የመኪናዎን ሥር ጸረ ዝገት እንረጫለን»። እኔም ግንቦት መጨረሻ ላይ አምኜ 6,500 ብር ከፈልኩ። የተረጨው ነገር መኪናዬን ለዝገት የሚያጋልጥ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጆቹ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁመው ከሥር ውሃ ለቀቁባት። ውሃው ገና ሲንጠባጠብ አንዱ መርጫ አንሥቶ ጥቁር ፈሳሽ ይረጭባት ጀመር። «ከውጭ የመጣ ላስቲክ ነው፤ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ ኃላፊው። ዕቃውን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ጥግ ላይ ወዳለ ባዶ ጣሳ ጠቆመኝ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁሉ ነገር አልቆ ቁልፌን ተቀበልኩ። ጎንበስ ብዬ ሳያት እንደ ተወለወለ ጫማ ታብረቀርቃለች።

በማግስቱ ጋቢናው በተቃጠለ ዘይት ሽታ ተሞላ። የጭስ ማውጫው (ማርሚታው) በጋለ ቁጥር የተረጨበት ነገር ይጨሳል። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ ወደ ግራ ሳበችኝ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ምን እንደተሰማኝ ይገባዋል።

መካኒኩ የፊት ቀኙን ጎማ ሲፈታው ያ ጥቁር ፈሳሽ የፍሬኑ ዲስክም ሸራም ላይ ነበር። ቀጥሎ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናዋን የብረት አጽም፣ በካቻቢቴ ጫር አደረገው። ጥቁሩ ነገር እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ወደቀ፤ ከላይ ዘይት፣ ከውስጥ እርጥብ ቀይ ጭቃ። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ሲጠርገው ብረቱ ቡናማ ሆኗል። ጣቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «ጋሼ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በናፍጣ አቅጥነው ነው የረጩልዎት» አለኝ።

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። የእኛ መንገድ ላይ እንደ አውሮፓ ክረምት ጨው አይበተንም፤ የአዲስ አበባ መኪና ጠላት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ውስጥና የሻንሲው እጥፋት ላይ ተለጥፎ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ሳይደርቅ የሚከርም ጭቃ ነው። በዚያ ጭቃ ላይ ቅባት ሲረጭበት እርጥበቱ ከብረቱ ጋር አብሮ ይታሸጋል። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ሞተር ውስጥ የተፈጠረውን አሲድ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ዘይትና ናፍጣ የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያሳብጡ በእግሮቹ መጋጠሚያ ያሉት ጎሚኒዎችም አይተርፉም። ቀሪውን ዝናቡ አጥቦ ወደ ወንዞቻችን ይወስደዋል፤ ይህም ያንገበግበኛል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የበሮቹ ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ በር ታች ዝናብ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በመስታወቱ ጠርዝ የሚገባው ውሃ የሚፈሰው በእነርሱ ነው። ሲረጩ ደፈኗቸው። አንድ ቀን በሩን ስዘጋው ውስጡ እንደ እንስራ ተንቦጫቦጨ። መካኒኩ በሽቦ ሲወጋው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ጫማው ላይ ፈሰሰ። በር ደግሞ ከውስጥ በስብሶ ዝገቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ነው ለዓይን የሚታየው፤ ያኔ ሥራው የባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ጠጋኝ) ነው።

በአግባቡ የሚሠራ ጸረ ዝገት አለ፤ እርሱን አልቃወምም። መኪናው ከሥር በደንብ ይታጠባል፣ ፍጹም እስኪደርቅ ይቆያል፣ የዛገው ቦታ በብረት ብሩሽ ተፍቆ መነሻ ቀለም ይቀባል፣ ፍሬኑ፣ ማርሚታውና ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ይሸፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚረጨው። ይህ በ40 ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እርጥብ መኪና ላይ መርጫ ሲያነሡ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የታሸገው ጣሳ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በዝቷል፤ ማስታወቂያውም እናንተን መጥራት ጀምሯል። የእናንተ መኪና ሥሩ ባትሪ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ከፍተኛ ቮልት ይሸከማሉ። የአምራቹን መመሪያ ሳታዩ ምንም ነገር አታስረጩበት።

እኔ አሁን የማደርገው በየሳምንቱ ቅዳሜ የፓራፋንጎዎቹን ውስጥ በውሃ ጎማ ማጠብ፣ የበሮቹን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ መክፈት፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሳይውል ሳያድር መቀባት ነው። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ከረጠበ አውጥቼ አደርቀዋለሁ። ይህን ለማድረግ 500 ብር እንኳ አላወጣሁም።

ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ኃላፊው «ዋስትናው ዝገትን እንጂ ፍሬንን አይመለከትም» አለኝ። ዝገቱን በስልኬ ባሳየው «እኛ መርጨታችንን በምን ታረጋግጣለህ?» አለ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ የእናንተ ቃል ከእነርሱ ቃል ጋር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የሚረጨው ነገር ስም ተጽፎ ካልተሰጣችሁ ብሩን አትክፈሉ።

ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ሁለት መኪኖች ተራ ይጠብቁ ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና ለፊተኛዋ ባለቤት፣ ለአንዲት እናት፣ የመኪናዬን በር ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ሞተር አስነሥተው ወጡ።