ለአሮጌ የካሜራ ሌንስ ጭጋግ የቱ ፈሳሽ ይሻላል? አልኮል፣ የላይተር ቤንዚን ወይስ ፐርኦክሳይድ

ቅድሚያ የምንሰጠው 99 በመቶ ለሆነው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። 70 በመቶው በቀላሉ ቢገኝም በውስጡ ያለው ውሃ ሲደርቅ ዱካ ይተዋል። የላይተር ቤንዚን ወፍራም ግሪስ በማሟሟት ይበልጠዋል፤ ግን ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ማሳረጊያው አልኮል መሆን አለበት።

ጠርሙስ ከመክፈት በፊት ግን ምርመራው ይቅደም። ዲያፍራሙን (የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ የሚያሰፉና የሚያጠቡ ምላጮች ያሉበትን ክፍል) እስከ መጨረሻው ከፍተው ከኋላ በኩል በእጅ ባትሪ አጋድለው ያብሩበት። እኩል የተዳረሰ ስስ ነጭ ሽፋን ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ከፎከስ ማዞሪያው ግሪስ ተንኖ ያረፈ ዘይት ነው። ክር ክር እያለ የሚሰራጨው ሻጋታ ነው። ከዳር የሚጀምር ባለ ብዙ ቀለም ነጸብራቅ ወይም አረፋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን መስታወት ያጣበቀው በለሳም የሚባለው ሙጫ ለቋል ማለት ነው፤ ይህን የትኛውም ፈሳሽ አያድነውም። ሻጩ «ትንሽ ጭጋግ አለው» ብሎ ቢያቀርብልዎ እንኳ ይለፉት። የብዙዎቹ የቆዩ የፔንታክስ ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንሶች ቢጫነት ቶሪየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ካለው መስታወታቸው የመጣ እንጂ ጭጋግ አይደለም፤ እሱን የሚያቀለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው።

ለምሳሌ ሄሊዮስ 44-2 የተባለውን የሶቪየት ሌንስ እንውሰድ። 6 መስታወቶቹ በ4 ክፍል ተደርድረዋል፤ ዘይቱ የሚያርፈው በብዛት ከዲያፍራሙ ምላጮች ፊትና ኋላ ባሉት ገጾች ላይ ስለሆነ ሁሉንም መበተን አያስፈልግም። ሁለት ጫፍ ያለው የሌንስ ቁልፍ ሲገዙ ጫፎቹ በብሎን ጠብቀው የሚቆሙትን ይምረጡ። የሚወላወለው ቁልፍ መስታወቱን ከያዘው ቀለበት ጎድጎድ ያመልጥና መስታወቱን ይጭራል፤ ከጭጋጉ የባሰ ጉዳት ነው። ቀለበቱ እምቢ ካለ ጥርሱ ላይ በስንጥር አንድ ጠብታ አልኮል አኑረው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። እያንዳንዱ መስታወት በየት በኩል እንደዞረ ፎቶ ያንሱ፤ ተገልብጦ ከገባ ሌንሱ ጥርት አያደርግም።

መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ያስወግዱ። ከዚያ አልኮሉን በመስታወቱ ላይ ሳይሆን በሌንስ ወረቀቱ ላይ 2 ጠብታ ያድርጉ። ከመሃል ወደ ዳር እያዞሩ አንዴ ይጥረጉና ወረቀቱን ይቀይሩ። ፈሳሽ ከበዛ በጠርዙ ሰርጎ ጥቁሩን ቀለም ያነሳል።

ለሻጋታና ለግትር ጭጋግ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የቤት አሞኒያ እኩል በእኩል ይሠራል። የራሰውን ወረቀት 1 ወይም 2 ደቂቃ አሳርፈው በተጣራ ውሃ፣ ከዚያም በአልኮል ይጥረጉ። ጓንት ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ፤ በረኪና በአካባቢው አይኑር፣ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ድብልቁን ከድነው አያስቀምጡ፣ ጋዝ ይፈጥራል። ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን በተቀቡት የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች ላይ ግን አንመክረውም፤ የውስጥ ሽፋናቸው ለስላሳ ስለሆነ በመጥረግ ብቻ እንኳ ሊነሳ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነጩ ካልለቀቀ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል፤ በላይካ ካሜራ ላይ በጥርስ እንዲታሰሩ የተሠሩት የቆዩ የካነን 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች በዚህ ይታወቃሉ። ከለቀቀ ደግሞ ምላጮቹን በላይተር ቤንዚን ጠርገው ሳያደርቁ አይግጠሙት። የፎከሱንም አሮጌ ግሪስ አውጥተው በስሱ አዲስ ይቀቡ፤ ምንጩ ካለ ጭጋጉ ይመለሳል።