ቁስሉ ሳይሽር አትፈርሙ፦ በሳይክል ዴሊቨሪ ለምትሰሩ ወገኖች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሳይክል ምግብ የምታደርሱ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። መኪና ከገጫችሁ ወይም በር ተከፍቶባችሁ አስፋልት ላይ ከተንሸራተታችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሰው ሊደውልላችሁ ይችላል። አንዱ የገጪው መኪና ኢንሹራንስ ሰራተኛ ነው። ሌላው አማርኛ ተናጋሪ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ፊርማችሁን ነው።

ከአማርኛ ተናጋሪው ልጀምር። እሱን ነው ቶሎ የምናምነው።

የአክስቴ ልጅ ዲሲ ውስጥ ምግብ ይዞ ሲሄድ፣ ከቆመ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ በሩን ብርግድ አደረገበት። ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተላጠ። ጉልበቱ ተገሸለጠ። መዳፉ ውስጥ የአስፋልት ጠጠር ገባ። አጥንት ስላልተሰበረ ያየው ሁሉ “ጭረት ነው፣ ተመስገን በል” አለው። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት እስከ ዛሬ አናውቅም። “ወንድሜ፣ እንኳን አተረፈህ! ምንም አታስብ። ከኪስህ አምስት ሳንቲም አታወጣም። ጠበቃውንም ሐኪሙንም እኛ እንይዝልሃለን።” ወዲያው ሊንክ ላከለት። ልጁም ስልኩ ላይ በጣቱ ፈረመ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው።

ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ላኩት። በሳምንት ሶስቴ ይመላለሳል። ጀርባውን በሙቅ ፎጣ ይሸፍኑታል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይለጥፉበታል፣ ያሹታል። ጀርባውን ግን አላመመውም! ክንዱን ፈትቶ ያየ ሰው የለም። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ፣ መግል ይዞ፣ መሽተት ሲጀምር ነው እኛው ጎትተን ሆስፒታል የወሰድነው። ነርሷ በውሃ እያራሰች ፋሻውን ቀስ ብላ አነሳችው። ጠጠሩን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመች። ሁሉንም ማውጣት ግን አልተቻለም። ቁስሉ ሲድን የቀረው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቆዳው ስር ቀረ፤ ንቅሳት ነው የሚመስለው።

ጀርባው ለምን ታሸ? እያንዳንዱ መታሸት ሂሳብ ስላለው ነው። ክሊኒኩ አሁን አያስከፍልም። “ኬዙ ሲያልቅ እንወስዳለን” ይላል፣ እናንተም በዚያ ላይ ትፈርማላችሁ። ካሳው ሲመጣ መጀመሪያ ጠበቃው ያነሳል፣ ከዚያ ክሊኒኩ። እናንተ የመጨረሻ ናችሁ።

ለአክስቴ ልጅ የመጣለት የሂሳብ ወረቀት ይህን ይመስላል። ኢንሹራንሱ እከፍላለሁ ያለው 12,000 ዶላር። የጠበቃ 40 በመቶ፣ 4,800። የክሊኒክ 5,200። ልዩ ልዩ ወጪ 640። ለልጁ 1,360 ዶላር። ልዩ ልዩ ከተባለው ውስጥ “ትርጉም” የሚል አለበት። አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ያው በማግስቱ የደወለው ደላላ ሆኖ ተገኘ። ለአይዞህ ባይነቱም አስከፍሏል ማለት ነው።

እዚህ አገር ጠበቃ በመቶኛ መያዙ በራሱ ነውር የለውም። ፍርድ ቤት ሳይኬድ በስምምነት ለሚያልቅ ጉዳይ የተለመደው አንድ ሶስተኛ አካባቢ ነው። ክስ ከተመሰረተ ወደ 40 በመቶ ከፍ ይላል። ገና ደብዳቤ ሳይጻፍ ከመጀመሪያው 40 ብሎ የሚጀምር ውል ካያችሁ ግን ጠይቁ። መቶኛው የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጉዳዩ ቢሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ክሊኒኩን የሚመርጠው ማን ነው? በአማርኛ የሚያስረዳችሁ ሰው ራሱ ጠበቃ ነው ወይስ የቢሮ ሰራተኛ? አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ አይደለም። ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ስም አስጽፋችሁ፣ በየግዛቱ የጠበቆች መዝገብ ላይ በነጻ ፈልጉት።

በነገራችን ላይ ያ የማግስቱ ስልክ ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። በዲሲ ሕግ ጠበቃም ሆነ የሕክምና ባለሙያ፣ በራሱም ሆነ በተከፈለው ሰው በኩል፣ የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው በ21 ቀን ውስጥ ደንበኛዬ ሁን እያለ ማባበል አይችልም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድም ለጠበቃ ደንበኛ እየለቀሙ ገንዘብ መቀበል የተከለከለ ነው። የደወለውን ቁጥርና የላከውን መልእክት አታጥፉ። ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ሰራተኛ። ይህኛው ጨዋ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ጤናችሁን ይጠይቃል፣ ከዚያ “ለመዝገብ ያህል ድምፅዎን ልቅረጽ?” ይላል። የገጪው ኢንሹራንስ የእናንተ ኢንሹራንስ አይደለም። ድምፃችሁን እንዲቀርጽ የመፍቀድ ግዴታ የለባችሁም። በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ከተገጫችሁ አፋችሁን ሰብስቡ። በሁለቱ ግዛቶች ተጎጂው ለአደጋው ትንሽም ጥፋት ካለበት ካሳውን እንዳለ ሊያጣ ይችላል። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። “እኔም ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር” እንላለን፣ ሰውየው ቅር እንዳይለው። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር በአስተርጓሚ በኩል አልፋ ኬዙን ትገድለዋለች። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ ለእግረኛና ለሳይክል ነጂ ይሻላል። ጥፋታችሁ ከሌላው ወገን ካልበለጠ መብታችሁ አይቀርም። ስለዚህ አደጋው የደረሰው ዲሲንና ቨርጂኒያን ከሚያገናኘው ድልድይ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። የፖሊስ ሪፖርት ላይ ቦታው በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ዲሲ ውስጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ስትነጋገሩ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አትጋፈጡ።

ሰራተኛው ከዚያ ቼክ ያቀርባል። ትንሽ ናት፣ ግን ፈጣን ናት። የኪራይ ቀን ደርሷል፣ ሳይክሉ ተጣሟል፣ ክንዳችሁ ታስሯል። ከቼኩ ጋር የምትመጣው ወረቀት ግን “ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምንም አልጠይቅም” ነው የምትለው። ከፈረማችሁ አለቀ። ጥቂት ማምለጫዎች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በአደጋው በ5 ቀን ውስጥ ያለ ጠበቃ የፈረማችሁትን እንዲህ ያለ ወረቀት፣ ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ልታፈርሱት ትችላላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ጠበቃ ከፈረማችሁ፣ እስከ ሶስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሁፍ መሰረዝ ይቻላል፤ ቼኩን ሳትመነዝሩ መመለስ አለባችሁ። ለዚህ ነው “ፈርሜያለሁ፣ ምን ይደረግ” ብላችሁ ዝም እንዳትሉ የምለው። በዚያው ቀን ጠበቃ አናግሩ።

የተላጠ ቆዳ ከተሰበረ አጥንት የሚለይበት ነገር አለ። አጥንት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን በራጅ ይታያል። የተላጠ ቆዳ ግን ምን እንደሚሆን በመጀመሪያው ሳምንት አይታወቅም። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቦታው ሊጠቁር፣ ወይም ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እያበጠ ይሄዳል፤ ኬሎይድ የሚሉት ነው። ይህ ከሶስት ወር በኋላ ሁሉ ሊጀምር ይችላል። ያሳክካል፣ ያማል፣ ሕክምናው ገንዘብ ይጠይቃል። ቼኳን በሁለተኛው ሳምንት የወሰደ ሰው ይህን ሁሉ ከኪሱ ነው የሚችለው።

ስለዚህ ፎቶ። በየሁለት ሶስት ቀኑ፣ በቀን ብርሃን፣ ስፋቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሱ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላት በፎቶ ብዙ አይታይም። በማታ አምፖል የተነሳ ፎቶ ያየ የኢንሹራንስ ሰራተኛ “ምንም የለም እኮ” ይላል። የተቀደደውን ጃኬት አትጣሉ፣ አትጠቡትም። ሳይክሉን ፎቶ ሳታነሱ አታሰሩ። አፑ ላይ ያለውን የዚያን ቀን ትዕዛዝ ሰዓትም አስቀምጡ።

ቁስሉን ደግሞ ከኬዙ አስቀድሙ። በብዙ ንጹህ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። የማይወጣ ጠጠር ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ያውጣው፤ ቆዳው ከዘጋበት በኋላ ሌላ ጣጣ ነው። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ አታፍስሱበት፣ ለመዳን የሚሞክረውን ሥጋ ይጎዳሉ። የቡና ዱቄት መነስነስ ይቅር፣ እማማ ቢቆጡም። ቫዝሊን ቀብታችሁ በማይጣበቅ ፋሻ ሸፍኑት፣ በየቀኑ ቀይሩት። “አየር ያግኘው” የሚባለው ቅርፊት ከማብዛት ሌላ አይጠቅምም። የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ለቆሸሸ ቁስል መታደስ አለበት። መቼ እንደተከተባችሁ ካላስታወሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ቦታው ከጋለ፣ ሕመሙ ከባሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ አትቆዩ። ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምር ሊመልሳችሁ አይችልም። ሂሳቡ ሲመጣ የእርዳታ ፎርም ጠይቁ፤ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ሁሉ አላቸው። የጤና ኢንሹራንስ ካላችሁ በእሱ ታከሙ፣ ደላላው “አታሳየው” ቢላችሁም። አታሳየው የሚለው የእሱ ክሊኒክ እንዲያስከፍል ነው።

እስከዚያ ለኪራይ ብለው “ከካሳህ ላይ ቅድሚያ ብር እንስጥህ” የሚሉም አሉ። ወለዱ ከባድ ነው። ከዘመድ ተበደሩ።

አትቸኩሉ ስላልኩ ደግሞ እንዳትተኙ። ክስ ለመመስረት ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ዲሲና ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው ያለው። የጣላችሁ የዲሲ ከተማ መስተዳድር መኪና ወይም እሱ ያልጠገነው ጉድጓድ ከሆነ ግን በ6 ወር ውስጥ በጽሁፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ገጪው ካመለጠ፣ የራሳችሁ ወይም አብሯችሁ የሚኖር ቤተሰብ የመኪና ኢንሹራንስ በሳይክል ላይ ሆናችሁም ሊሸፍናችሁ ስለሚችል ወረቀቱን አስነብቡት።

ከደላላ ጋር ቀድሞ የፈረመም ተስፋ አይቁረጥ። ጠበቃ በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ትችላላችሁ። የቀድሞው ለሠራው ሥራ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከአዲሱ ጠበቃ ክፍያ ላይ ይካፈላሉ እንጂ ሁለቴ አትከፍሉም። አዲሱን ጠበቃ ይህን በጽሁፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት። ፋይላችሁን የመውሰድ መብት አላችሁ። ካሳውን መቀበልና አለመቀበልም የእናንተ ውሳኔ ነው፣ የጠበቃው አይደለም። የአክስቴ ልጅ ያችን 1,360 አልፈረመም። ሌላ ጠበቃ ያዘ። ክሊኒኩ እያንዳንዱን ሂሳብ በቀንና በዓይነት ዘርዝር ሲባል ከ5,200 ላይ ብዙውን ሰረዘው። ኬዙ ገና አላለቀም፣ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ የቆዳ ሐኪም እያየው ነው። ደላላው በሚሠራለት ጠበቃ ላይ ደግሞ አቤቱታ አስገብተናል። ዲሲ ውስጥ በጠበቃ ላይ ቅሬታ የሚቀበለው የዲሲፕሊን ካውንስል ጽህፈት ቤት (Office of Disciplinary Counsel) ይባላል፣ ክፍያ የለውም። በተመሳሳይ መንገድ የተደወለላችሁ ካላችሁ፣ ስክሪንሾታችሁን ይዛችሁ እናንተም አመልክቱ።