ታይትል ስላይድ እንሠራለን ለሚሉ የቴሌግራም ሻጮች ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የመመረቂያ ጥናት ዲፌንስ የደረሰባችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት ወይ ለፕሮፖዛል ፓወርፖይንት እያዘጋጃችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ አምስት ደቂቃ ስጡኝና ይህን አንብቡት። እኔ 2,800 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት፣ እናንተ በነጻ እወቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተርስ ጥናቴ በሰርግ ቃል ግጥሞች ላይ ነው፣ የተጻፈውም በአማርኛ ነው። ስላይዶቹን ራሴ ሠርቼ ጨርሼ ነበር፣ 22 ስላይድ፣ ነጭ ባክግራውንድ ላይ ጥቁር ጽሑፍ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። የመጀመሪያው ገጽ፣ ታይትል ስላይድ የሚሉት፣ ግን አልሆንልሽ አለኝ። ርዕሱ ረጅም ነው፣ ስሜ አለ፣ የአማካሪዬ ስም አለ፣ ትምህርት ክፍሉ አለ፣ ወርና ዓመተ ምህረቱ አለ፣ ሁሉንም ሳስገባው ደብዳቤ መሰለ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትመጣ ነው፣ ያ ገጽ ደግሞ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ እስኪረጋጋ ድረስ ግድግዳው ላይ የሚቆየው ገጽ ነው፣ እና ያምርልኝ ብዬ ፈለግኩ። ይሄ ጥፋት አይመስለኝም።

አንድ ቻናል አገኘሁ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ተመሳሳዩ ብዙ ነው፣ አንዱን ብጠራ ሌላው ንጹህ ይመስላችኋል። የለጠፏቸው ናሙናዎች በእውነት ያምራሉ፣ ወርቃማ መስመር፣ ጥቁር ሰማያዊ ባክግራውንድ፣ ርዕሱ እየተንሳፈፈ ሲገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ሁሉ አለው። "አይን የሚስብ ፕሪሚየም ታይትል ስላይድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ" ይላል። ዋጋው 1,800 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። 900 ብር በቴሌብር ላክኩ። ሥራውን በፎቶ አሳዩኝ፣ ስልኬ ላይ ሳየው ደስ አለኝ፣ ቀሪውን 900 ላክኩ።

እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያው ስህተት። በስልክ ስክሪን ላይ ያየሁት ፎቶ ነው እንጂ ስላይድ አይደለም። ፋይሉ መጣልኝ፣ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ጽሑፉን ብጫነው ብጫነው አይነካም። ለካ ርዕሱም ስሙም ባክግራውንዱም አንድ ላይ ተጠፍጥፎ ስላይዱ ላይ የተለጠፈ አንድ ምስል ነው! ይባስ ብሎ "ሰኔ 2016" መሆን ያለበት "ሰኔ 2015" ተብሏል፣ የአማካሪዬ "ዶ/ር" ደግሞ የለችም። አስተካክሉልኝ ስል "ኤዲት 300 ብር ነው እህቴ" አሉኝ። የነሱን ስህተት ለማረም እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው! ዲፌንሱ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ከፈልኩ። ራሴ የማስተካክለው ዓይነት ፋይል ላኩልኝ ስል ደግሞ "ኤዲት የሚደረገው ለብቻው 700 ነው" አሉ። እሱንም ከፈልኩ።

የሚስተካከለው ፋይል ከአንድ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ጋር መጣ፣ "መጀመሪያ ፎንቱን ጫኚው" አሉኝ፣ ጫንኩት፣ ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። በፍላሽ ይዤ ሄድኩ።

የዲፌንሱ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ርዕሴ የለም። በርዕሴ ቦታ ጭራ ያለው ሲ፣ ሁለት ነጥብ የተቀመጠበት ኦ፣ የዶላር ምልክት፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን። የራሴ ስም እንኳ በላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ሆኗል። ሌሎቹ 22ቱ ስላይዶች ምንም አልሆኑም፣ የተበላሸው የከፈልኩበት ብቻ ነው። የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረግ አደረጉና እንደገና አዩት። እናቴ ከኋላ ነጠላዋን ይዛ ቁጭ ብላ የኔን ፊት ነው የምታየው። አማካሪዬ እግዜር ይስጣቸው፣ "ተረጋጊ፣ ርዕስሽን በቃልሽ ንገሪን" አሉኝ። በቃሌ ተናገርኩ። ድምፄ ግን እስከ ሦስተኛው ስላይድ ድረስ አልተመለሰልኝም።

ቤት ገብቼ ምን እንደሆነ ስመረምር ቆየሁ፣ አሁን ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ የፎንቱ ጉዳይ። ኮምፒውተር ላይ አማርኛ የሚጻፍበት ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንዱ ዩኒኮድ ነው፣ እያንዳንዱ የኛ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፣ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት በሱ ነው። ሌላው ከዚያ በፊት የነበረው የድሮው ዓይነት ነው፣ በላቲን ፊደሎች ቦታ የኛን ፊደል ቅርጽ ስሎ ያስቀመጠ። ለኮምፒውተሩ ያ ጽሑፍ አሁንም ላቲን ነው፣ ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ብቻ አማርኛ ይመስላል፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት እውነተኛ መልኩ ይወጣል። በዘመኑ ሥራ የሠራ ነገር ነው፣ ፎንቶቹም ቅርጻቸው ስለሚያምር ማተሚያ ቤቶችና ዲዛይነሮች እስካሁን ይወዷቸዋል። ለባነር ችግር የለውም፣ የሚታተም ነገር ነውና ማን ይከፍተዋል። ለስላይድ ግን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚከፈተው!

መሞከሪያው ቀላል ነው። ስላይዱ ላይ ያለውን ርዕስ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ፔስት አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። ላቲን ሆኖ ከወጣ ገንዘቡን እንዳትከፍሉ። ኮፒ አልሆን ካለ ደግሞ ምስል ነው፣ አሁንም እንዳትከፍሉ።

በነገራችን ላይ ፎንት ብለው በራር (RAR) ታሽጎ የመጣ ኢኤክስኢ (.exe)፣ ማለትም የፕሮግራም ፋይል ከላኩላችሁ አትክፈቱት። ፎንት ሲሆን የፋይሉ ስም መጨረሻው ቲቲኤፍ (.ttf) ወይ ኦቲኤፍ (.otf) ነው የሚለው። አብራኝ የምታስተምር ልጅ እንደዚህ ተልኮላት "አንቲቫይረሱን አጥፊው" ተብላለች፣ እሷ ጎበዝ ናት አልከፈተችውም።

ሁለተኛ፣ ፕሪሚየም የተባለው ነገር ነጻ ነበር። የሚስተካከለውን ፋይል ከፍቼ ቪው ገባሁ፣ ስላይድ ማስተር (የስላይዶቹ ንድፍ የሚቀመጥበት) አልኩ፣ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ የአንድ የውጭ ቴምፕሌት (ዝግጁ ንድፍ) ድረገጽ ስም ተቀምጧል፣ ማጥፋት ረስተውታል። ድረገጹ ላይ ገብቼ ስፈልግ ያው ወርቃማ መስመር፣ ያው ጥቁር ሰማያዊ፣ በነጻ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ምንጩን ጥቀሱ ብቻ ነው የሚለው። እነሱ የሠሩት እንግሊዝኛውን አጥፍተው የኔን ርዕስ መለጠፍና አንድ የሰርግ ፎቶ መጨመር ነው። ፎቶውም የኛ ሰርግ አይደለም፣ ነጭ ወንበር የተደረደረበት የውጭ አገር የአትክልት ቦታ ነው። የእናቶቻችንን የሰርግ ግጥም ለማጥናት ሁለት ዓመት ገጠር የተመላለሰ ሰው የጥናቱ ፊት ላይ ያ ሲለጠፍበት እንዴት እንደሚሰማው ገምቱት።

ሦስተኛ፣ ያ ቪዲዮው ላይ ያየሁት መንሳፈፍ። ሞርፍ የሚባል ትራንዚሽን (ከስላይድ ወደ ስላይድ መሸጋገሪያ) ነው፣ የሚሠራው በ2019ኙ ፓወርፖይንትና ከዚያ በኋላ በመጡት ነው። የድሮ ቨርዥን ላይ ዝም ብሎ ደብዘዝ ብሎ ያልፋል። ብዙ አዳራሽ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የድሮ ነው። ስለዚህ ለቪዲዮው ውበት ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

አራተኛ ቀለሙ። ስልክ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ወርቃማ ያምራል፣ እውነት ነው። ፕሮጀክተር ግን ጥቁርን መፍጠር አይችልም፣ ብርሃን ነው የሚያወጣው፣ መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ያ ጥቁር ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፣ ቀጭኑ ወርቃማ ጽሑፍም አብሮት ይጠፋል። መጠኑም አለ፣ የአሁኑ ስላይድ ወርዱ ከቁመቱ 16 በ9 ነው፣ የድሮ ፕሮጀክተሮች 4 በ3 ናቸው፣ ስለዚህ ወይ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል ወይ ጽሑፉ ያንሳል። ክፍሉን ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የፊደሉን ነገር ለብቻው ልበለው ምክንያቱም ሻጮቹ ፈጽሞ አያስቡበትም። የኛ ፊደል በትንንሽ ነገር ነው የሚለየው። የ"ሌ" ቀለበት፣ የ"ሊ" እግር ጫፍ ላይ ያለችው ጭረት፣ የ"ጨ" ላይኛው ክፍል። እንግሊዝኛ ላይ የሚያምር ጥላና ወፍራም አውትላይን አማርኛ ላይ ስታደርጉት ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ከሩቅ "ሌ" ይሁን "ሊ" አይለይም። ቦልድም (ፊደሉን ማወፈር) እንደዚያው ነው። ኒያላ የሚባለው ፎንት ቦልድ የለውም፣ ቦልድ ስትሉት ፓወርፖይንቱ በግድ ነው የሚያወፍረው፣ ፊደሎቹም ይጨቀያሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም የራሱ ተስሎለት ያለ ነው፣ ነጻ ነው፣ ዩኒኮድም ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ነጻ ነው፣ የብራና ጽሑፍ መልክ ስላለው ለባህል ነክ ጥናት ያምራል፣ ግን እሱም ቦልድ ስለሌለው እንዳለ በትልቁ ተጠቀሙበት።

ከዲፌንሱ በኋላ ገጹን ራሴ እንደገና ሠራሁት፣ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ሰሚናር ላይ ደግሜ ማቅረብ ነበረብኝና። ሆም ላይ ሌይአውት ብዬ ታይትል ስላይድ መረጥኩ። ራሴ መስክ ላይ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዱን፣ የእናቶች እጅ ከበሮ ላይ ያረፈበትን፣ ፊት የማይታይበትን፣ ሙሉ ገጹን እንዲሸፍን አደረግኩት። በላዩ ላይ ከግራ በኩል ነጭ አራት ማዕዘን ሣልኩና ትራንስፓረንሲውን (ከሥሩ ያለውን የማሳየት መጠኑን) 15 በመቶ አደረግኩ፣ ጽሑፉ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ርዕሱን ለሁለት ከፈልኩት፣ "የሰርግ ቃል ግጥሞች" የሚለውን በ54 የፊደል መጠን፣ "ይዘትና ክዋኔ" የሚለውንና የቦታውን ስም ከሥሩ በ28። ለካ ችግሩ ርዕሱ መርዘሙ አልነበረም፣ ሁሉንም በእኩል መጠን መጻፌ ነበር። መስመሩን የምትሰብሩት ትርጉሙ ላይ ይሁን፣ ሳጥኑ ራሱ እንዲሰብረው አትተዉት፣ አለዚያ አንዷ ቃል ብቻዋን ታች ትወርዳለች። ስሜ፣ አማካሪዬና ወሩ ከታች በ20። ሌላ ምንም ነገር የለበትም። አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከዚያ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብቼ ከታች ኢምቤድ ፎንትስ የሚለውን ራይት አደረግኩበት፣ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይሄ የሚሠራው የፎንቱ ባለቤት ከፈቀደ ነው፣ ከላይ ነጻ ናቸው ያልኳቸው ሁለቱም ይፈቅዳሉ። ለማንኛውም ፒዲኤፍም አድርጌ ፍላሹ ላይ ጨመርኩ፣ ፒዲኤፍ የትም ቢከፈት መልኩ አይለወጥም። በዲፌንሱ ቀን ያቺ ፒዲኤፍ ብትኖረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ጊዜ የሌላችሁ ግድ የምታሠሩ ካላችሁ፣ የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች ስላሉ ሁሉንም አልኮንንም፣ ግን ቀሪውን ግማሽ የምትከፍሉት ፋይሉን ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ፣ አንድ ፊደል አጥፍታችሁ መልሳችሁ ጽፋችሁ፣ ኮፒ ፔስቱን ሞክራችሁ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን። የነሱን ስህተት ማረም በነጻ መሆኑን ከመጀመሪያው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላችሁ አድርጉ። ቻቱን ስክሪንሾት አድርጉ፣ እኔ ሳላደርግ ቀርቼ ከሁለቱም ወገን አጥፍተውታል።

ብሩን መልሱ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። "እኛ ጋ ይከፈታል እህቴ፣ ችግሩ የአዳራሹ ኮምፒውተር ነው" ብለው መለሱልኝና ብሎክ አደረጉኝ። ትናንት በጓደኛዬ ስልክ ቻናሉን ስከፍተው ያቺ የኔ ገጽ፣ ያ የውጭ አገር ሰርግ ያለባት፣ ስሜ ተፍቆ ናሙና ተብላ ተለጥፋለች፣ ዋጋዋም 2,200 ገብቷል። ካያችኋት እሷ ናት።