የተሻሻለ ኮንሶል ወይስ አዲስ ትውልድ?

ኃይል የጨመረ ኮንሶል (የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ሁሉ አዲስ ትውልድ አይባልም፤ ልዩነቱን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ በ2020 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ጨዋታ፦ በፕሮ ላይ የሚሠራ ጨዋታ ሁሉ በ2013ቱ ፕሌይስቴሽን 4 ላይም መሥራት ነበረበት፤ ስለዚህ ምስሉ ቢጠራም የጨዋታው ስፋት ከአሮጌው ማሽን አቅም አያልፍም ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ግን ከመሸጋገሪያዎቹ ዓመታት በኋላ ለእሱ ብቻ የሚሠሩ ጨዋታዎች በርክተውለታል። በእኔ እምነት ትክክለኛው የትውልድ መለያ ይህ ነው።

ማከማቻ፦ ፕሮ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይዞ ቀጠለ። ፕሌይስቴሽን 5 በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት የሚያነብ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ስላለው፣ ዲስኩ መረጃውን እስኪያነብ ድረስ ተጫዋቹን በጠባብ መተላለፊያ ወይም በአሳንሰር ውስጥ የማቆየቱ የቆየ ዘዴ አስፈላጊነቱ በእጅጉ ቀንሷል።

ዋጋ፦ ሲወጡ ፕሮ 399 ዶላር፣ የጨዋታ ዲስክ ማጫወቻ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 499 ዶላር ነበሩ።

ስጋት፦ አዲስ ትውልድ ቀድሞ የሚገዛ ሰው ጨዋታ እስኪበረክት መጠበቅ ግድ ይለዋል፤ ሆኖም ፕሌይስቴሽን 5 አብዛኞቹን የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ማጫወቱ ይህን ስጋት አቅልሎታል።

በእጁ ያሉትን ጨዋታዎች በ4ኬ ቴሌቪዥን ጥርት አድርጎ ማየት ለሚፈልግ የተሻሻለው ይበቃዋል፤ በአሮጌው ማሽን ፈጽሞ የማይሠሩ ጨዋታዎችን ለሚሻ ግን ምርጫው አዲሱ ትውልድ ነው።