ዚሌን ከግቤ ቁልቁለት በሰላም ላሻገረልኝ የሎቤድ ሾፌር

ከሠራዊቱ አገልግሎት የተወገደ ዚል 131 የሚባል የሶቪየት ስሪት የጭነት መኪና አዲስ አበባ ላይ በጨረታ ገዛሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ይህን ብረት ምን ልታደርገው ነው?» ትለኛለች። ስድስቱም ጎማው የሚነዳ ስለሆነ በጌራና በሊሙ በኩል ጭቃው ሲበረታ ለቡና ጭነት ይሆነኛል እላታለሁ፤ አላመነችኝም። የዛሬው ምስጋናዬ ግን መኪናውን በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚጫንበት ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ጭኖ ጅማ ላደረሰልኝ ሾፌር ነው።

ዚሉ ለዓመታት ቆሞ ስለኖረ ሞተሩ አይነሳም። ባዶውን ስድስት ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሰው በብረት ገመድ ጎትቶ 350 ኪሎ ሜትሩን ሊያመጣልኝ ተስማማ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። መካኒክ ነኝ የምለው ሰውዬ እሺ ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። የሎቤዱ ሾፌር በስልክ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ጋሼ፣ የዚል ፍሬን በአየር ነው። ሞተሩ ካልተነሳ አየሩን ማን ይሞላዋል? ግቤ ቁልቁለት ላይ ገመዱ ሲላላ የኋለኛው የፊተኛውን እየገፋው ይወርዳል» አለኝ። አፈርኩ። ለሌላው ይህን ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከዋጋ በፊት የጠየቀኝ ወረቀት ነው፤ የሽያጭ ሰነዱንና የግቢ መውጫ ፈቃዱን። የሻንሲ ቁጥሩን ዝገት በብረት ብሩሽ ፍቆ ከሰነዱ ጋር ራሱ አመሳከረ። «የወታደር ቀለም ያለው መኪና ጭኜ ኬላ ላይ መንተባተብ አልፈልግም» አለ።

ዚሉ ፊቱ ላይ የራሱ ዊንች አለው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ ግን ያን ቀን ጌጥ ነበር። በሎቤዱ ዊንች ቀስ እያለ ሲሳብ ረዳቱ በየክንዱ ታኮ እየቀየረ ከኋላ ተከተለው። የቀረውን ቤንዚን አስቀዳ፣ ባትሪውን አስፈታ፣ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ከፊትም ከኋላም ሰንሰለቶቹን አጣልፎ አሰረ። ያረጀ ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ስለዚህ ወሊሶ ላይ ቆሞ አጠበቀ፣ ወልቂጤ ላይ ደገመ። እዚያው መሸ። እኔ እንቀጥል አልኩ፤ እሱ ግቤን በጨለማ አልወርድም ብሎ ራቱን በልቶ ተኛ። በማግስቱ በከባድ ማርሽ ሲወርድ ከኋላው በራሴ መኪና እየተከተልኩ ዓይኔን ከሰንሰለቶቹ አልነቀልኩም። ድልድዩን ተሻግረን ሲቆም እሱ ደግሞ አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሳቸው።

ጅማ የደረስነው ሐሙስ ነበር። በገበያ ቀን በመርካቶ በኩል ሎቤድ አላስገባም ብሎ ከከተማው ዳር እስኪመሽ ጠበቀ። ጋራዤ ግቢ ውስጥ ካለው የአፈር ቁልል ጋር አስጠግቶ ያለ ክሬን አወረደልኝ።

ዋጋውስ? ከጅማ ኤክስካቫተር ሊጭን ባዶውን ሊመጣ እንደነበር ራሱ ነገረኝና ከለመደው ሒሳብ ግማሹን ብቻ ተቀበለ። ባይነግረኝ ከየት አውቄው!

ጉድለቱንም አልደብቅም። ስልክ ቶሎ አያነሳም፤ ከቀጠሮውም ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተናገርኩትን ሁሉ አሁን መልሼ ውጬዋለሁ።

ትራክተር፣ ትልቅ ጄኔሬተር ወይም እንደ እኔ የሠራዊት መኪና የምታስመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቁጥሩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ሰነዳችሁን ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ባለቤቴም ቁጥሩን ጠይቃኛለች፤ ዚሉን ይመልሰው እንደሆነ ልታነጋግረው ነው።