ርካሽ መልቲሜትር በአሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ በሀዋሳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት የሚገኘውን፣ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራውን አነስተኛ ቢጫ ዲጂታል መልቲሜትር (ቮልት፣ አምፔርና ኦም መለኪያ) የሚመለከት ነው። መሣሪያውን የገዛሁት ዕድሜው የገፋውን ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሌን የኤሌክትሪክ ብልሽት ራሴ እየተከታተልሁ ለማግኘት ሲሆን፣ በጋውንም ክረምቱንም አብሮኝ ከርሟል። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ለዋጋው ከበቂ በላይ ነው፤ ሆኖም የሚያሳየው ቁጥር የሚታመነው በሚለካበት ቅጽበት መስመሩ ሥራ ላይ ከሆነ ነው። ሥራ ፈትቶ የተለካ መስመር ብዙ ጊዜ ደኅና ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

በመጀመሪያ የጠቀመኝ በባትሪና በቻርጅ ምርመራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ጤነኛ የ12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ 12.0 ካሳየ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ መጠነኛ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልቴጅ የሚወስነው ዕቃ) መቆጣጠር ስላቃተው ባትሪውን ያፈላዋል። የእኔው ነዳጅ ቢሰጠውም ከ12.3 ንቅንቅ አልል ባለ ጊዜ ከየአቅጣጫው የመጣልኝ ምክር «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» የሚል ነበር። (በዚህ ምክር ስንት ደኅና ባትሪ እንደተጣለ እግዜር ይወቀው።) የሬጉሌተሩን ሶኬት ነቅዬ፣ መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ) ቮልት አዙሬ ከጄኔሬተሩ፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል፣ በሚመጡት ሽቦዎች መካከል ስለካ፣ ቁጥሩ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየጨመረ ብዙ አሥር ቮልት ደረሰ፤ ስለዚህ የጄኔሬተሩ ጥቅልል ሽቦ ጤነኛ ነበር። ችግሩ የተገኘው እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ነው። የአንደኛው ፒን ዙሪያ ፕላስቲክ በሙቀት ቡናማ ሆኗል፣ ፒኑም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ተጠርጎና ጠበቅ ተደርጎ ሲመለስ 14.1 ቮልት አሳየ፤ ባትሪው ዛሬም ያው ነው።

ይበልጥ የምዘረዝረው ግን የማሳውን፣ ማለትም ከሞተር ሳይክሉ ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር፣ ጉዳይ ነው፤ የአሮጌ ሞተር ሳይክል የኤሌክትሪክ አበሳ አብዛኛው መነሻው እዚያ ነውና። ሀዋሳ ላይ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ ወራት ይዘልቃል፤ በዚያ ላይ ላቫጆ ቤቶች በግፊት የሚረጩት ውሃ ከወንበሩ ሥር ወዳሉት ማያያዣዎች ሁሉ ዘልቆ ይገባል። የእኔ ሞተር ሳይክል ምልክቱ የታወቀ ነበር፦ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው መብረቅረቁን ያቆማል፣ ክላክሱም ድምፁ ይዘጋል። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ ያለውን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን እንቅፋት) ስለካ 0.7 ኦም አሳየ፤ የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሲነካኩ ራሳቸው 0.4 ኦም ስለሚያሳዩ የቀረው 0.3 ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለብዙ ሰው ኢምንት ይመስላል፤ የፍሬኑ መብራት፣ ፍሬቻውና ክላክሱ አንድ ላይ ሲሠሩ ግን 5 አምፔር ያህል ስለሚስቡ፣ 0.3 ኦሟ 1.5 ቮልት ትበላለች ማለት ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን በተገለጠ የሞተር ብረት ላይ አስደግፌ፣ ቁልፉን ከፍቼ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳሠራቸው በዲሲ (የባትሪ ዓይነት ቀጥተኛ) ቮልት ላይ የታየው ልክ 1.5 ነበር፤ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። የማሳው ሽቦ ቀለበት ከፍሬሙ ጋር የታሰረው ቀለም ላይ ነበርና ከሥሩ ዝገት ሠርቶበታል። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ ከላይ ግራሶ ተቀብቶ በድጋሚ ሲለካ 0.06 ሆነ። ፍሬቻውም ክላክሱም የዚያኑ ዕለት ተስተካከሉ፤ የተገዛ ዕቃ አልነበረም።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ለአፍታ የሚጠፋ መብራት ነበረኝ፤ ይህ ዓይነቱ መልቲሜትር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ እንዲህ ያለውን ብልጭታ አይዝም። ከዚህም በላይ ራሱ የሚስበው ከረንት ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ በአንዲት ክር ብቻ በተንጠለጠለ ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ሙሉ ያሳያል። ለዚህ የሚሻለው ሁለት ሽቦ የተበየደለት ተራ የ21 ዋት የፍሬን አምፖል ነው፤ ወደ 2 አምፔር ስለሚስብ ደካማውን መስመር ወዲያውኑ ያጋልጣል። መልቲሜትሩ 12.4 ባለበት ቦታ አምፖሉ ቀላ ብሎ ብቻ ቀረ፤ ሽቦው መሪው አንገት ላይ ልባሱ ሳይቀደድ ከውስጥ ተበጥሶ ነበር። የካንዴላ ገመድ አጠገብ ደግሞ መሣሪያውን ጨርሶ አታስጠጉት፤ እዚያ ያለው ቮልቴጅ በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር ያቃጥለዋል። የጄኔሬተሩ ጥቅልል ከማሳ ጋር ተገናኝቶ ሲገኝም ለፍርድ አትቸኩሉ፤ በብዙ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች የመብራቱ ጥቅልል አንድ ጫፍ ሆን ተብሎ ከማሳ ጋር የታሰረ ነው።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ አካሉ ደጋግሞ ቢወድቅም አልተሰነጠቀም። ደካማው ነገር ገመዱ ነው፤ ከእጀታው የሚወጣበት ቦታ ላይ መላላት ስለጀመረ ቁጥሩ ይዘል ነበርና ነክሶ የሚይዝ ክሊፕ ባለው ሌላ ገመድ ቀይሬዋለሁ፤ ይህም ሁለቱን እጆቼን ነጻ ስላወጣልኝ ከመጀመሪያው ተሻለ። የ9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየቱ ግን ሊያሳስት የሚችል ጠባይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ባትሪ 13.6 ካሳየ የተበላሸው ሞተር ሳይክሉ ሳይሆን የመልቲሜትሩ ባትሪ ነው። የ10 አምፔሩ መሰኪያ ፊውዝ እንደሌለውም ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ ቀዩን ገመድ እዚያ ረስቶ ባትሪ መለካት የባትሪውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ በቀጥታ ማገናኘት ነው።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ የሽቦ መቆራረጥን በድምፅ የሚያሳውቀውን ዓይነት ይምረጥ፤ ከወንበር ሥር ተጎንብሶ ስክሪን ማየት አይመችም። ከሱቁ ሳይወጣም ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ መምረጫውን 200 ኦም ላይ አድርጎ ከ0.5 የማይበልጥ ቁጥር ማሳየቱን፣ ገመዱ በእጅ ሲወዛወዝም ቁጥሩ አለመዝለሉን ያረጋግጥ።